አብዲ አልወደቀም

የነፍስ አባቴ ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቴ ይመጣሉ። ዋሸሁ፣ ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ እላቸዋለሁ፤ ስገድ ይሉኛል፣ እሰግዳለሁ። ይህኛውን ግን ለእሳቸውም ለሚስቴም ሳልናገር ዓመታት አለፉ። ለአንተ ለማታውቀኝ በዚህ ወረቀት የምነግርህ ደፍሬ እንዳይመስልህ፤ ፊትህን ስለማላየው ነው።

እኔ የሰው ክንድ ሰብሬያለሁ። በብረት።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ተከራይተን የሰርከስ ማኅበር ያቋቋምነው ሁለት ነን፤ እኔና አብዲ። እሱ ትከሻው ላይ አራት ሰው አቁሞ ይስቃል። እኔ ሥራ አስኪያጅ ነኝ፣ ለረጂዎች ፕሮፖዛል እጽፋለሁ። ረጂ ደግሞ መልእክት የሌለው ሰርከስ አይደግፍም፤ ስለዚህ በየትርኢቱ መሀል እጅ መታጠብን አስገባ ነበር። ሰው ሰው ትከሻ ላይ ቆሞ ስለ ሳሙና ሲሰብክ አይተህ ታውቃለህ? ያሰበክሁት እኔ ነኝ።

ረጂዎቹ ሊጎበኙን የመጡ ቀን አብዲ እምቢ አለ። ትርኢቱን አቁሞ በእንግዶቹ ፊት፣ «ሳሙናው የእኛ አይደለም። ሥራችን መገለባበጥ ነው፤ የምንወድቅበት ፍራሽ ግን የለንም፣ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው» አለ። እውነቱን ነበር። ፍራሽ አለን ብዬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የምናሠለጥናቸው ልጆች የሚወድቁት ሲሚንቶ ላይ ነበር።

እንግዶቹ ፈገግ ብለው ተሰናበቱ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ፈገግ ያለ ረጂ ተመልሶ አይጽፍም።

እኩለ ቀን ሆኗል፤ ድሬ ሱቋን ዘግታ ከፀሐይ የምትሸሽበት ሰዓት ነው። ልጆቹ ምሳ ሄደው መጋዘኑ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ጮህሁበት። «አቦ ተወኝ፣ እውነት ነው የተናገርሁት» አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ጥግ የቆመውን የድንኳን ማቆሚያ ብረት አነሳሁ። የመጀመሪያውን ጀርባው ላይ አሳረፍሁ። ዞሮ ፊቱን ሊከልል ክንዱን ሲያነሳ ክንዱን መታሁት። ሲሰበር ሰማሁ። እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበረበት? አልቆምሁም። መሬት ላይ ተንበርክኮ እያየሁት ያንኑ ክንድ ደግሜ መታሁት፣ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጥቶም መታሁት። ክንዱ እንጀራው እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅሁ መታሁት። አራት ሰው የሚሸከም ሰው አንዴ ቢገፋኝ ግድግዳ ላይ ይለጥፈኝ ነበር። ለምን አልገፋኝም?

በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረስሁትም እኔው ነኝ፤ ደሙ ሸሚዜን አርሶታል። ሐኪሙ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ቀድሜ፣ «ልምምድ ላይ ወድቆ ነው» አልሁ። የሰርከስ ሰው ይወድቃል፤ ማን ይጠራጠራል? አብዲ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚህ የባሰ አለ። ረጂዎች በየሪፖርቱ መጨረሻ የአንድ ሰው ታሪክ ከነፎቶው ይፈልጋሉ። ክንዱ በጄሶ እንደታሰረ አልጋው ላይ ፎቶ አነሳሁት። ፍራሽ በማጣት ስለወደቀ አርቲስት ሁለት ገጽ ጻፍሁ፤ ጥሩ አድርጌ ጻፍሁት። እንግዶቹ ያን ቀን የተናገረውን አስታውሰው አዘኑ። ፍራሹ መጣ፣ ድጋፉም ቀጠለ።

ለምን እንዳላጋለጠኝ አንድ ቀን ሄጄ ጠየቅሁት። «ልጆቹ ሲሚንቶ ላይ እንዳይወድቁ ነው። ወላሂ፣ ለአንተ ብዬ አይደለም» አለኝ። ዛሬ ትንሽ ሱቅ አለው። ክንዱ አይዘረጋም፤ ስኳር የሚመዝነው በግራ እጁ ነው።

እኔ አሁንም ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አሠልጣኛችን አዲስ የገቡትን ልጆች ሲመክር፣ «ተጠንቀቁ፣ እንደ አብዲ እንዳትወድቁ» አላቸው። ልጆቹ ሳቁ። በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ክንዱን ሰብሬ አልበቃኝም፣ ስሙንም እንደሰበርሁት ያን ጊዜ ገባኝ።

ደሜ ፈልቶ ነው አልልህም። ሪፖርቱን ስጽፍ ደሜ በርዶ ነበር፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው የጻፍሁት። ይቅር በለኝም አልልህም፤ የተመታው አንተ አይደለህም። ይህን ወረቀት ነገ ጠዋት ልጆቹ ፊት አነበዋለሁ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ይስሙኝ። አብዲ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም።