ፉሪ ሄጄ ስለ አበበች የተናገርኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለካህን እንኳ አልተናገርኩም። ካቶሊክ ነኝ፤ በየወሩ እናዘዛለሁ። ተንበርክኬ «በጓደኛዬ ቀናሁ» ብያለሁ፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግሜ። በቅናቴ ምን እንዳደረግሁ ግን ዋጥ አድርጌ፣ የኃጢአት ሥርየት ተቀብዬ ተነስቻለሁ። አሁን የምታነቡት ያንን የዋጥኩትን ነው።

እኔና አበበች ነገረ መለኮት አብረን ነበር የምንማረው። እኔ ነፋስ ስልክ ተወልጄ፣ ከሰሜን ከመጡ ወላጆች ጋር በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ ሲቀደስ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ። እሷ ከከምባታ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር መጥታ ፉሪ የተቀመጠች ናት። ጠዋት ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ከሰዓት ክፍል ትገባለች። ግዕዝ አታውቅም። መጽሐፍም ከእኔ ያነሰ ነው ያነበበችው። ታዲያ በምን ትበልጠኛለች? ይህን ጥያቄ ስንት ቀን ራሴን ስጠይቅ እንደከረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ እኔ መጻሕፍት ከምሬ ስለ ምሥጢረ ንስሐ ጻፍኩ። እሷ ፉሪ ስለሚኖሩ የአገሯ ልጆች ጻፈች፤ ጎረቤትም ዘመድም ጴንጤ በሆነበት ሰፈር እነዚህ ካቶሊኮች እምነታቸውን እንዴት ይዘው እንደሚኖሩ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ክፍል ውስጥ አነበበችልን። አንዲት እናት ነበረችበት። ልጇ ሲታመምባት ጴንጤ ጎረቤቶቿ እጅ ጭነው እንዲጸልዩለት ፈቀደች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ግን ለመቁረብ ድፍረት አጥታ ጥግ ላይ ቆማ አለቀሰች። በቀላሉ ሰው የማያደንቁት መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው «መማር እንዲህ ነው» አሉ። የእኔን ሲመልሱልኝ ያሉት «ንጹሕ ሥራ ነው» ብቻ ነበር። ንጹሕ፤ ቤት የጠረግሁ ይመስል።

ከመካከላችን አንድ ሰው ረዳት መምህር ሆኖ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያን ቦታ እኔ ለራሴ ካሰብኩት ቆይቷል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አብሬያት መቀመጥ ከበደኝ። ሳቋ ያናድደኝ ጀመር። ደብተሯ ላይ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ ሳያት ፊቴን አዞራለሁ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

አበበች ቀደም ሲል እናቷ ቤት ወስዳኝ ነበር። ለጽሑፏ ታሪካቸውን የነገሯት የሰፈሩ ካቶሊክ ሴቶች እሑድ ከሰዓት እዚያ ተሰብስበው መቁጠሪያ ይደግማሉ። «እህቴ ናት» ብላ አስተዋወቀችኝ። እነሱም እንደ እህቷ አዩኝ፤ እኔም በዚያው ተጠቀምኩ። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እሷ ሕፃናቷን ስታስተምር፣ ታክሲ ይዤ የጸሎቱ ሰብሳቢ እትዬ ማርታ ቤት ሄድኩ። ደስ ብሏቸው አስገቡኝ፤ ሻይ አፈሉልኝ። ሻዩን ጠጥቼ ስጨርስ እንዲህ አልኳቸው፦

«እትዬ ማርታ፣ አበበች የነገራችኋትን ሁሉ ከነስማችሁ ጽፋ ለቤተ ክርስቲያናችሁ አባት ልትሰጥ ነው። ማን ጴንጤዎቹ ጋ እንደጸለየ፣ የማን ልጅ እዚያ እንደሚዘምር። እኔ እንደነገርኳችሁ ግን እንዳትነግሯት።»

ውሸት ነበር። ስማቸውን ሁሉ እንደቀየረች በዓይኔ አይቻለሁ። እትዬ ማርታ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። «ከቁርባን ይከለክሉናል?» ብቻ አሉኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳቸው። ስለ ንስሐ ያን ሁሉ ገጽ የጻፍኩት ሴትዮ ምን አውቃለሁ አልኩ።

በሳምንቱ አበበች ወደየቤታቸው ስትሄድ አንዷ እንግዳ መጣብኝ አለቻት፤ ሌላዋ አሞኛል አለች፤ ሌላዋ እቤት እያለች የለችም አስባለች። የሚያናግራት ጠፋ። ጽሑፏ ሳያልቅ ቀረ፤ እሷም ትምህርቱን ተወችው። ረዳት መምህር እኔ ሆንኩ። እንኳን ደስ አለሽ ብላ አቀፈችኝ። ይኸው ዛሬ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ የሰው ስም ያጠፋ ሰው መናዘዙ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ያጠፋውን ስም መመለስ እንዳለበት አስተምራለሁ። እነሱም ማስታወሻ ይይዛሉ።

ሴቶቹ የአበበች እናት ቤት መምጣትም አቁመው ነበር። ይህን አላሰብኩበትም ብል ማን ያምነኛል? እናትየው ምክንያቱን ሳያውቁ፣ እሑድ እሑድ ብቻቸውን መቁጠሪያ ሲደግሙ ኖሩ። አምና አረፉ። ሴቶቹ ቀብር ላይ ተገኝተው ከቀብር መልስ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ድንኳን የገባች አንድም አልነበረችም። እኔ ግን ሦስቱንም ቀን ከአበበች ጎን ተቀመጥኩ። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው እያለ ሰው ሁሉ መረቀኝ።

በሦስተኛው ቀን አበበች ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ምን እንዳደረግኋቸው ባውቅ፣ በየቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናቸው ነበር» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ያኔም ቀናሁባት። ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ለመለመን የሚዘጋጅ ልብ ስላላት ቀናሁ። ከዚያም እጇን ይዤ «ተያቸው፣ ሰው እንዲህ ነው» አልኳት።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን አልበደልኩም። ቅናት አሳስቷት ነው ብላችሁም አትዘኑልኝ። ፉሪ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሻያቸውን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። አበበች ግን እስከ ዛሬ ጥፋቷን እየፈለገች ነው።