የዲስኮቹን ቤት የመረጥን ጊዜ

ወንድሜ የሠርግ ካሜራማን ነው። ዓለም ገና ከተማ የተከራየው ቤት ሦስት ክፍል ነበረው። ሳሎኑ ደንበኛ የሚቀመጥበት፣ መኝታ ቤቱ የእሱና የባለቤቱ፣ በስተጓሮ ያለችው ጠባቧ ክፍል ደግሞ የእኔና የሃርድ ዲስኮቹ።

ከገጠር፣ ከተፍኪ፣ የመጣሁት ቤት ላግዝ ተብዬ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አላሳለፍኩም። ሳህን ሳጥብ፣ ልብስ ሳሰጣ ቆይቼ አንድ ቀን ወንድሜ ሥራ ሲበዛበት ቪዲዮ ከካሜራ ወደ ዲስክ መገልበጥ አሳየኝ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ተስማማኝ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባው እኔ፣ ዲስኮቹ ጋር ስሆን አንጎራጉር ነበር።

ሠርገኞች የሚወስዱት ተቆርጦ ሙዚቃ የገባበትን አጭሩን ቪዲዮ ነው። ያልተቆረጠው፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ያለበት ረጅሙ፣ እኛ ዘንድ ይቀራል። ማንም አያስታውሰውም፤ አንድ ሰው እስኪሞት ወይም እስኪርቅ ድረስ። ያን ጊዜ ይመጡና «አባቴ ሲመርቁ የተነሡት የለም?» ይላሉ። ስለዚህ ወንድሜ ምንም አያጠፋም። ዲስኮቹ በጫማ ካርቶን ተሞልተው አልጋዬ ሥር ተደርድረው ነበር።

አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳሉት ከተሞች ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ረብሻ ባስነሣበት ጊዜ እንዲህ ብለው የሚመጡት በዙ። አንዲት እናት ልጃቸው ታስሮባቸው ነበር። በዘመድ ሠርግ ላይ ሚዜ ሆኖ ሲጨፍር ማየት ፈለጉ። ዲስኩን አግኝቼ ሰካሁት፤ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም። ወንድሜ ነቅሎ ደጋግሞ ቢሰካውም አልከፈተም። ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ «እግዜር ይስጣችሁ፣ ለፋችሁ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ልጃቸው በኋላ ተፈቷል። ቪዲዮው ግን አልተገኘም።

ወንድሜ በዚያው ሳምንት ወሰነ። ሁሉም ቪዲዮ በአንድ ሰርቨር፣ ብዙ ዲስክ አንድ ላይ በሚያሠራ ኮምፒውተር፣ ላይ ይገባል፣ እያንዳንዱም ሁለት ቦታ ይቀመጣል። የብረት መደርደሪያውን፣ ራክ የሚሉትን፣ እዚሁ ሰፈር ብየዳ ቤት አሠራው። የቀረው በመደርደሪያው ላይ የሚታሰረው፣ ዲስኮቹ በመሳቢያ በመሳቢያ የሚገቡበት ሳጥን ነበር።

መንገድ ሰላም በሆነ ቀን መርካቶ ሄድን። እኔን የወሰደኝ ዕቃውን ታክሲ ውስጥ እንድይዝለት ነው። ነጋዴው ከቢሮ የወጣ ዕቃ የሚሸጡ ጎልማሳ ሰው ናቸው።

«ባንክ ልትከፍት ነው እንዴ?» አሉት ወንድሜን።

«ሠርግ ነው ጋሼ።»

«ስንት ሚስት ብታገባ ነው ይሄን ያህል?»

ሁለት ሳጥን አወጡልን። አንዱ ዝርግ ነው፤ ፊቱ በሙሉ መሳቢያ፣ ብዙ ዲስክ ይይዛል። ከኋላው ትናንሽ ማራገቢያዎች ተደርድረዋል። ሌላው ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ሰፋፊ ማራገቢያ ያለው፣ የሚይዘው ዲስክ ግን አነስ ያለ ነው። ሁለቱንም አበሩልን። ከሱቁ አጠገብ በርሜል የሚቀጠቅጡ ሰዎች ስለነበሩ የሳጥኖቹን ድምፅ ቀርቶ የነጋዴውንም ንግግር አፋቸውን እያየሁ ነው የለየሁት። ወንድሜ ዞሮ «እንዴት ነው?» አለኝ። ሰው ፊት ስጠየቅ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለኝ።

«ጥሩ ነው።»

ዝርጉን ይዘን ተመለስን። «ካልተስማማችሁ መልሱት» ብለውናል። በማግስቱ ግን መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ታክሲ ቆመ፣ ኢንተርኔትም ጠፋ።

ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ አስረን ስናበራው ቤታችን ውስጥ የእህል ወፍጮ የተተከለ መሰለ። ወንድሜ እንደ መሣቅም እንደ መደንገጥም አለ። «መጀመሪያ ላይ ነው፤ ይበርዳል» አለ። አልበረደም። ብርድ ልብስ ሲጥልበት ጋለና ጭራሽ ማንቂያው ይጮኽ ጀመር። ቀን ቀን መብራት ስለሚቆራረጥ የሚገለበጠው ማታ ማታ ነበር፤ እኔ ደግሞ የምተኛው ከእሱ አንድ ክንድ ርቄ ነው።

ሳሎን እንዳይደረግ ደንበኛ አለ፣ ማድ ቤት እንዳይሆን ጭስ አለ። አከራያችን በግድግዳው ወዲያ ናቸው። ጠዋት በር ላይ ቆመው፣

«አካም ቡልተኒ?» አሉ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ኦቦ፤ ደኅና ነን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አለ ወንድሜ።

«መቼ አደርኩ! ወፍጮ ቤት ስትከፍቱ አትነግሩኝም? አንድ ኩንታል ጤፍ አለኝ፣ ላምጣው?»

ወንድሜ ይቅርታ ሲጠይቅ እኔ ከበሩ ጀርባ አፌን ይዤ እሥቃለሁ። እንቅልፍ ባጣም ሣቅ አላጣሁም።

የወንድሜ ባለቤት ግን ዓይኔን እያየች ታዝናለች። ምሳ ላይ «ይቺ ልጅ ዓይኗ ደም መሰለ። መንገድ ሲከፈት ተፍኪ ትሂድና ይሄ መገልበጥ እስኪያልቅ ትረፍ» አለችው። በደግነት ነው የተናገረችው። እኔ ግን ሳህኖቹን ሰብስቤ ተነሣሁ። ለእረፍት ብዬ ከሄድኩ ከብቱም አጨዳውም እንደሚይዘኝ አውቃለሁ። እዚህም ሌላ ሰው ተቀጥሮ ሥራዬን ይለምዳል። ያን ክፍል፣ ያን ሥራ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደተማርኩበት ክፍል እጅ አውጪ፣ መልሺ የማልባልበትን ያን ቦታ ወድጄው ነበር።

ልብስ ስናሰጣ ነው የነገርኳት። በመካከላችን አንሶላ ነበር።

«እትዬ፣ ተፍኪ አልሄድም።»

«እና እዚያ ጩኸት ውስጥ ልትሞቺ ነው?»

«ያኛው ሳጥን ይሻላል። ሰፋፊ ማራገቢያ ያለው። ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው።»

አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። «ታዲያ እዚያው አትናገሪም ነበር?»

«እዚያ ሁሉም ነገር ይጮኻል። የትኛው እንደሚጮኽ በምን ልወቅ?»

ሣቀች። ገብታ ወንድሜን «እህትህ አፍ አውጥታልሃለች» አለችው። እሱ የዲስኩ ነገር ከንክኖታል፤ ያኛው ጥቂት ነው የሚይዘው አለ። በራፉ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ፣ መደርደሪያው ገና ባዶ ቦታ እንዳለው፣ ሲሞላ ሌላ ሳጥን ከሥሩ ማሰር እንደሚቻል ተናገርኩ። እንዲህ ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም።

መንገዱ ሲከፈት ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። ፍተሻ ላይ አንድ ወታደር ታክሲውን አስቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሠርግ ቪዲዮ ማስቀመጫ» አለ ወንድሜ።

ወታደሩ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳበ። ባዶ ናቸው። «ሠርጉ የታለ ታዲያ?» አለ። ተሳፋሪው ሣቀ፣ እሱም ፈገግ ብሎ አሳለፈን።

ነጋዴው ገና ከሩቅ ሲያዩን «ምነው፣ ተፋታችሁ?» አሉ። ከፍ ያለውን ሳጥን አውጥተው አበሩት። በርሜል ቀጥቃጮቹ እንደ ወትሯቸው ናቸው። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ጥሩ ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ጋሼ፣ በሩን ይዝጉልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«የሱቁን በር። ድምፁን ልስማው።»

«በጠራራ ፀሐይ? ገበያዬንስ?» ግን ዘጉት። ጨለማ ውስጥ ሦስታችን ቆምን። ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አስጠጋሁ። የሚሰማው የንፋስ ድምፅ ነው፤ መስኮት ትንሽ ገርበብ ሲል እንደሚገባው ዓይነት። ከውጭ የሆነ ሰው በሩን እየደበደበ «ምን ሆነው ነው? ታሸገብዎት እንዴ?» ይላል።

«ሴትዮ ዕቃ እየመረጠች ነው!» ብለው ነጋዴው ጮኹለት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «በቃሽ እህቴ? ሰው የለቅሶ ድንኳን ሳይተክልብኝ ልክፈት?»

«ይሄን ነው የምንፈልገው» አልኩ። የራሴ ድምፅ ከሳጥኑ ይበልጥ ሲሰማ ደነገጥኩ።

ቤት እንደደረስን መሳቢያዎቹን ሞላን፣ የሳጥኑን ሁለት ጆሮ መደርደሪያው ላይ በብሎን አሰርን። የጫማ ካርቶኖቹን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ። ወንድሜ ዝርጉ ይበልጥ ይይዝ እንደነበር እስከዛሬ ያነሣል።

በማግስቱ መብራት ሳይቆራረጥ ዋለ፤ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልኩ የወንድሜ ባለቤት በሩን ከፍታ አንገቷን አስገባች። ወደ መደርደሪያው አየች፣ ወደ እኔ አየች።

«ጠፋ እንዴ? መብራት እኮ አለ።»

«አልጠፋም። እየገለበጠ ነው።»

ገብታ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። መሥራቱን በእጇ አረጋግጣ በሩን ገጠም አድርጋልኝ ወጣች።