ደወል ድምፅዋን ለስልክ ስታወርስ

ሰው በሕይወቱ ከሚናፍቃቸው ነገሮች አንዱ መጠራት ነው። ይህን የተረዳሁት በስተርጅና፣ ለጉልበቴ ሕክምና በምመላለስበት ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው። በስሙ የሚጠራው ያጣ ሰው፣ ቀስ በቀስ መኖሩን ራሱ ይጠራጠራል።

እዚያ ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ረጅም የብረት አግዳሚ አለ። ተራ የምትጠራልንን ሴት «ደወል» እንላታለን። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ጫማ ሰፊው ነው። ሱቁ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ የእግሩን ቁስል ፋሻ ለማስቀየር ይመጣል። «የእሷ ድምፅ እኮ ሙት ይቀሰቅሳል፤ ሐኪሞቹን ለምን እንደቀጠሯቸው እንጃ» ይል ነበር።

ደወል ጠዋት እንደገባች ዘላ መጥራት አትጀምርም። ከአግዳሚው ጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደች «እንዴት አደራችሁ? እግሩስ? ልጅቷ ተሻላት?» ትላለች። የሐኪሙ ክፍል መዝጊያ ጋ ቆማ ስም መጥራት የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥር ጠርታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ስም ነው።

አንድ ሰሞን ድምፅዋ ሰለለ። ጉንፋን ነው ብላ ዝንጅብል ስትጠጣ ከረመች። በኋላ የጉሮሮ ሐኪም አይቶ የድምፅ አውታሯ ላይ እባጭ መኖሩን ነገራት፤ ከእንግዲህ መጮህ የለም አላት። ባሏ በያጅ ነው፤ ሲከፋው የሚቀልድ ሰው። «ጎረቤቱ ሁሉ ሚስትህን ምን አደረግሃት እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ» አላት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ድምፅ አልነበረውም።

የክሊኒኩ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆንም «እህቴ፣ ጠሪ ያለ ድምፅ ምን ሊሠራ ነው?» ማለቱ አልቀረም።

ደወል ግን አንድ ጥሪት ነበራት። ከሥራ በኋላ ድረ ገጽ መሥራት ተምራ፣ የክሊኒኩን የተራ መያዣ ገጽ የሠራችው እሷ ነች። ሰው በስልኩ ከፍቶ ይመዘገብበታል፤ ተራው የት እንደደረሰም ያይበታል። ችግሩ፣ ገጹ ላይ ዓይኑን ተክሎ ካልጠበቀ ተራው ያመልጠዋል። ስለዚህ ሁሉም ሥራውን ጥሎ አግዳሚው ላይ እንደተሰጣ ይውላል።

«ገጹ ራሱ ይጥራቸው» አለችው ኃላፊውን፣ በሹክሹክታ። «ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ እያለ ይጩህላቸው።»

«እስከ ዓርብ አሳዪኝ» አለ። «ካልሆነ ሌላ ጠሪ መቅጠሬ ነው፤ አትቀየሚኝ።»

ከባዶ አልተነሳችም። ሌሎች ሠርተው ለሁሉም የለቀቁት፣ ፕለጊን የሚባል ተገጣሚ ፕሮግራም አለ፤ ሰው በሚያየው የገጹ ፊት ላይ ይገጠማል። እንዳስረዳችኝ ከሆነ ገጹ ቢዘጋም ስልኩ ውስጥ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነቅቶ ይቀራል። ከክሊኒኩ መልእክት ሲላክ ይቀበልና ባለቤቱን ይቀሰቅሳል። «ዘበኛ በሉት ጋሼ፤ ጌታው ቢያንቀላፋ እሱ አያንቀላፋም።» በራሷ ስልክ ሞከረችው፤ ጮኸ። በባሏም ሞከረችው፤ ጮኸ።

በማግስቱ ለሁላችንም ለቀቀችው። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥሪ ላከች። ኮሪደሩ ጭጭ። ሁለተኛውንም ላከች፤ አንድም ስልክ አልተነፈሰም። ፊቷ አመድ መስሎ መጥታ በእኔና በጫማ ሰፊው መካከል ተቀመጠች።

«እስቲ ስልክህን» አለችው። አየችው። «ከልክል ብለሃል።»

«አዎ ብያለሁ። ገና ገጹን ስከፍተው፣ ምኑንም ሳላይ፣ ማሳወቂያ ልላክልህ ወይ ብሎ ድቅን አለብኝ። በሬን አንኳኩቶ፣ ሰላም ሳይለኝ፣ ልግባ የሚለኝን ሰው ምን ልበለው? ግባ?»

«ጋሼስ?»

«እኔም ከልክያለሁ» አልኳት።

ስልኩን መለሰችለት። «ፕለጊኑ ሲመጣ ገጹ እንደተከፈተ እንዲጠይቅ ሆኖ ነው የመጣው። እንዳለ ተውኩት። በራሴ ስልክ ስሞክረው ጠያቂዋ እኔው ነኝ፤ ፈቀድኩ።» ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ እኮ ሰላም ሳልል ሰው ጠርቼ አላውቅም።»

የባሰው ደግሞ፣ ስልክ አንዴ ከተከለከለ ዳግመኛ አይጠይቅም። በሩ የሚከፈተው ባለቤቱ በገዛ እጁ፣ ከውስጥ ሲከፍተው ብቻ ነው። ብዙ አሰብኩበት፤ እኛም ለአንዳንድ ሰው እንዲሁ ነን።

ያን ዕለት ፕለጊኑ በራሱ እንዳይጠይቅ አደረገች። በምትኩ ገጹ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «እንደምን ዋሉ። እርስዎ ሥራዎ ላይ ይሁኑ፤ ተራዎ ሲቃረብ ልጥራዎት?» ከሥሩ «ጥሪኝ» የሚል ቁልፍ። ስልኩ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰውየው ይህን ሲነካ ብቻ ሆነ። ቀድመን ለከለከልነው ደግሞ፣ እንደ ጠዋት ሰላምታዋ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ጀምራ እያንዳንዳችን ጋ ጎንበስ እያለች መክፈቻውን አሳየችን።

ጫማ ሰፊው ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «ብከፍተው ማስታወቂያ ታጎርፉብኛላችሁ።»

«ከተራህ ሌላ አንዲት ነገር አልልክም። ድምፄ ይሙት።»

«እሱማ ሞቷል። በሌላ ማይልኝ።»

«ባሌ ይሙት።»

«አሁን ሆነ» ብሎ ስልኩን ሰጣት።

ዓርብ ጠዋት ጫማ ሰፊው ሱቅ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የአንድ ጫማ ሶል ሲያጣብቅ አየዋለሁ። እጁ እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም፤ በየመሀሉ ስልኩን ሰረቅ አድርጎ ያያል። የእኔም ልብ መንገዱን ተሻግሮ ነበር። ድንገት ስልኩ ሚስማሮቹ መሀል ተንቀጠቀጠና ጮኸ። ሰላም ብላ በስሙ ከጠራችው በኋላ፣ ተራው መድረሱን ጽፋለታለች። ሶሉን እንዳለ ትቶ ተነሳ፤ እኔም በምርኩዜ ተከተልኩት።

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። አግዳሚው ላይ አንዲት አራስ ከነልጇ ብቻ ተቀምጣለች። ኃላፊው መሀል ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ ያያል።

«ሰዉ የት ገባ? ዛሬ በሽተኛ የለም እንዴ?»

«አለ ዶክተር» አለች ደወል፣ በዚያው ሹክሹክታ። «ሁሉም ሥራው ላይ ነው። ስጠራው ይመጣል።»

ጫማ ሰፊው ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ገባ። «ጠራሽኝ?»

ኃላፊው አንዴ እሱን፣ አንዴ ሻርፕ የተጠመጠመበትን የእሷን አንገት አየ። «ለጥርስ ክፍሉም እንዲሁ አድርጊልን» አለ። ስለ ሌላ ጠሪ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

«ለጥርስ እንኳ ብትጠሪኝም አልመጣም» አለ ጫማ ሰፊው፣ ወደ ፋሻ ክፍሉ እያነከሰ።

ደወል አልሰማችውም። ወንበሯ ላይ ተመልሳ የሚቀጥለውን መልእክት ስትጽፍ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁ። ከስሙ አስቀድማ «እንዴት አደሩ» ብላለች።