የማሽኗ አራጋቢ

«ንፋሱ ወዲህ በል፣ ደጄን አንኳኳና…» ትላለች፤ ቀጣዩ ስንኝ ጠፍቷት ታንጎራጉራለች። የቤት ንድፍ ሠሪዋ ቆማ፣ ክዳኗ የተከፈተ ትንሽ ኮምፒውተር በካርቶን ታራግባለች። አለቃዋ ለጠረጴዛ ውበት ሲል ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ ማሽን ገዝቶ፣ ለትልቅ ኮምፒውተር የሚሆን፣ ምስል የሚያቀናብር የግራፊክስ ካርድ አስጠቀጠቀባት። ማሽኗ ስትግል ትጠፋለች፤ የደንበኛው ቤት ምስልም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ምስሉ ዛሬም ካልደረሰ ንድፍ ሠሪዋ ትባረራለች። መብራቱ እንዳይቋረጥባት የምሳ ማሞቂያውን እንኳ ራሷ ነቅላዋለች።

«ባልሽን እንዲህ ብታራግቢው ኖሮ ጥሎሽ ባልሄደ!» አላት አጠገቧ ያለው ባልደረባዋ።

«እሱ መች እንዲህ እስኪግል ሠርቶ ያውቃል፣ ወንድሜ?» አለች፤ ላቧን በትከሻዋ እየጠረገች።

ምስሉ ሲያልቅ አለቃው መጥቶ ማሽኗን መታ መታ አደረጋት። «ጎበዝ ማሽን! አልነገርኳችሁም?»

እሷ ካርቶኑን ጥላ ተቀመጠች። የቀዘቀዘ ምሳዋን ከፍታ፣ በዛለ እጇ መብላት ጀመረች።