ቀስ ብለሽ እደጊ

ማስታጠቢያው ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። ጆጉ አፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ሳህኑም ከፀሐይ ብዛት ነጥቷል። አማቴ ካረፉ በኋላ ቤታቸውን ስናጸዳ ባለቤቴ ሊጥለው ነበር፤ ተቀብዬ አስቀረሁት። ዛሬ ጠዋት ውኃ ሞልቼ ሳዘነብለው በስንጥቁ በኩል እየተንተባተበ ወረደ። ድምፁን አወቅሁት። ልጄ በሰባት ዓመቷ እንግዳ ስታስታጥብ ከጓዳ ሆኜ የምሰማው ድምፅ ነው።

ያን ጊዜም እንደ አሁኑ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ከአማቴ ግቢ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነበር የምንኖረው። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ሰፈሩ የጤፍ ማሳ ሳለ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ከቀረቻቸው ቁራሽ መሬት ላይ ጎመንና ድንች ይተክላሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዘመድ ሁሉ እሳቸው ቤት ይሰበሰባል፤ የምታስታጥበውም ልጄ ነበረች። እያንዳንዱ እጁን አራግፎ «እደጊ» ይላታል። አማቴ ግን አንድ ቋንቋ አይበቃቸውም። «እደጊ ልጄ፣ ጉደዱ» ይላሉ፤ በኦሮምኛም ያው እደጊ ማለት ነው። እሷም ምርቃቱን ሳትሰማ ወደሚቀጥለው ሰው አታልፍም ነበር።

መጀመሪያ የነገረኝ ሽታ ነው። የትምህርት ቤት ሹራቧን ቅዳሜ በእጄ አጥብ ነበር። ጠመኔና የምሳ ዕቃ ይሸት የነበረው ሹራብ ብብቱ ላይ የትልቅ ሰው ላብ ሸተተኝ። የአባቷ ልብስ ነክቶት ይሆናል ብዬ ለብቻው ዘፈዘፍኩት። በሳምንቱም ያው ሆነ። ለመስቀል የገዛሁላት ጫማ ለገና አልገባ አላት። ከዚያ አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት «እዚህ ጋ ቀስ፣ ያመኛል» አለች። ደረቷ ላይ በግራ በኩል፣ ከቆዳው ሥር፣ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር በጣቴ ተሰማችኝ። እጄ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ እስኪደርቅ ድረስ ቆምኩ።

ለጎረቤቴ ነገርኳት።

«የፈረንጅ ዶሮ ነው» አለችኝ። «ልጆቹም እንደ ዶሮዋ በወር እየደረሱ ነው።»

«እኛ ቤት ዶሮ የሚታየው በፋሲካ ነው።»

«እንግዲያው እንቁላሉ ነዋ» አለች፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለሰው አታውሪ» አለችኝ።

እኔ የፈራሁት የሰው ወሬ አልነበረም። እናቴ በጡት ሕመም ነው ያረፈችው። በሽታው በልጄ የመጣብኝ መስሎኝ ነበር። ገብርኤል ሄጄ አለቀስኩ፤ በማግስቱ ልጄን ይዤ በጎፋ በኩል ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ልጄን ከመንካቷ በፊት ፈቃድ ጠየቀቻት፤ መጋረጃውን ሳበችና እኔን አጠገቧ አቆመችኝ። ስታበቃ «አይዞሽ እናት፣ ካንሰር አይደለም» አለችኝ። «ጡት ማውጣት ጀምራለች። ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ነው የሚጀምረው፤ ያማልም። ግን ከስምንት ዓመቷ በፊት ስለሆነ ለምን እንደሆነ ማወቅ አለብን።» ብዙ ጠየቀችኝ፤ ራስ ምታት አላት ወይ፣ ማየት ያስቸግራታል ወይ፣ ቅባት ወይም መድኃኒት ትጠቀማለች ወይ፣ እኔስ የወር አበባ ያየሁት ስንት ዓመቴ ላይ ነው። ቁመቷን ለካች። ደም ሰጠች፤ አልትራሳውንድ ታየች። የግራ እጇን ራጅ ተነሣች።

ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘችልን። የልጄ ትንሽ እጅ ነጭና ጥቁር ሆና ታየች። ልጄ የራሷን መዳፍ አነሣችና ከራጁ ጋር አስተያየች።

«እነዚህ አጥንቷ ጫፍ ላይ ያሉት ክፍተቶች ናቸው እድገቷ» አለች ሐኪሟ። «ሲዘጉ ቁመት ይቆማል። የሷ አጥንት ከዕድሜዋ ቀድሟል። ቶሎ ካደገች ቶሎ ትቆማለች።» ከዚያም መርፌ እንዳለ ነገረችኝ፤ ነገሩን የሚያቆይ። ግን ሁሉም ልጅ አያስፈልገውም። የደሙ ውጤት አላስጨነቃትም፤ ስድስት ወር እንጠብቅና ፍጥነቱን እንይ አለች። እኔ እግዚአብሔርን አመስግኜ ወጣሁ። ልጄ በታክሲው ሙሉ መንገድ መዳፏን ስታገላብጥ ነበር።

እሑድ ዘመድ ተሰብስቦ ምሳ ቀረበ። ልጄ የለችም። ማስታጠቢያው በር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ስጠራት ከውጭ «ዛሬ እኔ አላስታጥብም» አለች።

«ምነው፣ አሁንስ ትልቅ ሴት ሆንሽ?» አለች የባለቤቴ እህት፤ ቤቱ ሳቀ። እሷ የምታውቀው ነገር አልነበረም። እኔ ልፈልጋት ወጣሁ።

ከሮቶው ጀርባ ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። የውኃው ታንከር ያንጠባጥባል፤ ጭቃው የጎመን ሽታ አለው።

«ማን ተናገረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ካስታጠብኳቸው እደጊ ይሉኛል።»

«ቢሉሽስ?»

«ዶክተሯ ቶሎ ካደግሽ ትቆሚያለሽ አለች።» ጉልበቷን አቀፈች። «እንደ አባባ ሰዓት።»

የአማቴ የግድግዳ ሰዓት ከቆመ ቆይቷል። ሰዓት ሠሪው «ይሄ ሞቷል» ብሎ ሲመልሰው ልጄ አጠገባቸው ነበረች። የምትፈራው ያኔ ገባኝ። ሰው ሁሉ በመረቃት ቁጥር ወደ መቆሚያዋ እየገፋት መስሏት ነበር።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። «የሚቆመው ቁመትሽ ነው» አልኳት። «አንቺ አይደለሽም። የኔም ቁመት ቆሟል፤ ይኸው አለሁ።»

አየችኝ። «አንቺ እኮ አጭር ነሽ» አለች።

«አጭር ነኝ፤ ግን አልሞትኩም።»

ፈገግ አለች፤ ሆኖም ማስታጠቢያውን አልነካችም። ማታ ለአማቴ ብቻ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለወንድ፣ ያውም ለአማት የሚነገር አልነበረም፤ እሳቸው ግን መሬት መሬት እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «አሃ» አሉ። «ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም።»

በሚቀጥለው እሑድ ራሳቸው ጠሯት። «ነይ ልጄ፣ እኔን ብቻ አስታጥቢኝ። ምንም አልልም።» መጣች። ውኃው ወረደ። አማቴ ጣታቸውን አንድ በአንድ አሹ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እጃቸውን አራገፉና ሳያስቡት «ጉደዱ» አሉ።

ልጄ ጆጉን ወደ ራሷ ሳበች። «አባባ፣ እሱም ያው ነው።»

«ያው ነው?»

«ያው ነው። በኦሮምኛ ነው እንጂ።»

«ውይ» አሉ አማቴ። አፋቸውን በእርጥብ እጃቸው ያዙ። «እንግዲህ ሳልመርቅ እጄ እንዴት ይደርቃል? ምን ልበል?»

«አመሰግናለሁ ይበሉ።»

«አመሰግናለሁማ ለባለ ሱቅ ነው።» አሰቡ። መሬት የሚያውቅ ሰው ናቸው፤ ቶሎ የበቀለ ሁሉ አያስደስታቸውም። «እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ «ቀስ ብለሽ እደጊ። እንደሱ ይሁን?»

ልጄ ጆጉን መልሳ አዘነበለች። «በጣም ቀስ ብዬ» አለች።

«በጣም ቀስ ብለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ምርቃቱ እሱ ሆነ። ምክንያቱን የማያውቁት ዘመዶችም የሽማግሌ ቀልድ መስሏቸው «ቀስ ብለሽ እደጊ» ይሏት ጀመር። እሷም ወደ ማስታጠቢያዋ ተመለሰች። እኔ ጧት ጧት ጸበል አጠጣታለሁ፤ በቀጠሮዋም ቀን ሆስፒታል እወስዳታለሁ። ሐኪሟ ሁለቱንም አትተዪ ነው ያለችኝ።

በስድስተኛው ወር ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እጄ ነጠላዬን ጨብጧል። «ፍጥነቱ በርዷል» አለች። «መርፌው አያስፈልጋትም። እየተከታተልን እንቀጥላለን።» ለአማቴ ስነግራቸው ጎመን ይኮተኩቱ ነበር። ቀና ብለው «ቀስ በይ አልኳት እኮ» አሉ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ተሳለሙ።

የወር አበባዋ የመጣው በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ጊዜውን ጠብቆ ነው። በቁመት ከእኔ በጥቂት ትበልጣለች፤ ይበቃታል። ተመስገን።

በአማቴ አርባ ላይ ልጄ ድንኳን ሙሉ ሰው አስታጠበች። አብዛኛው ሩቅ ዘመድ ነው። ሁሉም «እደጊ» አላት፤ ከዚያ በላይ የጨመረ የለም። የእሳቸው ባዶ ወንበር ጋ ስትደርስ ጆጉን እንደያዘች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ዛሬ ጠዋት ድምፁን ሰምታ ከክፍሏ ወጣች። ጆጉን ከእጄ ወሰደች፤ እኔም መዳፌን ዘረጋሁ። ውኃው በስንጥቁ እየተንተባተበ ወረደ፤ ቀዝቃዛ ነበር። እጄን አራገፍኩ።

«ቀስ ብለሽ እደጊ» አልኳት።

«አድጌ ጨርሻለሁ እኮ፣ እማዬ» አለች።

አውቃለሁ አልኳት። እጄ ንጹሕ ነበር፤ ግን እንደገና ዘረጋሁላት፤ እሷም እንደገና አፈሰሰችልኝ።