ቸርኬው የተሰቀለበት በር

ረቡዕ። የጠዋቱ ቆጠራ፦ የተሰበረ መስታወት ሁለት፣ የተሰፋ ግንባር አንድ፣ የተሰበረ የአካፋ እጀታ አንድ። የተዘረፈ ዕቃ የለም።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው... እዚሁ ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከጄምስ ልጀምር። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ አድጎ፣ አሜሪካ ሄዶ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫውቶ የተመለሰ። አሁን ጁባ ቤት ይሠራል፤ ሚስማርና አካፋ ከኔ ሱቅ ይገዛል። ባለፈው ወር ዘራፊዎች መስመራችንን ሲመቱ ያለነው አምስት ሱቆች ሁላችንም እኩል ጮኽን... ማንም ማንንም አልሰማም። በማግስቱ ጄምስ ባንኮኒዬ ላይ አስራ አንድ ሚስማር ደርድሮ አስተማረን።

«ተከላካዩ አስራ አንድ ነው። አሰልጣኙ ከሜዳ ውጭ ሆኖ ዘዴውን ይመርጣል። በእጅ ምልክት፣ ወይ ሄልሜት ውስጥ ባለች ሬዲዮ፣ መሀል ለቆመው ይነግረዋል። ለሌላው የሚጠራው እሱ ነው፤ ፊት ያለው የት እንደሚቆም፣ ኋላ ያለው ማንን እንደሚይዝ። የሰማ መስማቱን ይመልስለታል። እኔ ያ መሀል የሚቆመው ነበርኩ» አለ፣ የማይታጠፉ ሁለት ጣቶቹን እያሳየን።

«ተቃራኒው ድንገት አሰላለፍ ቢቀይርስ?» አለች ጎረቤቴ ሽቶ ሻጯ ሰናይት።

«መሀል ያለው የቀድሞውን ይሰርዝና አዲስ ይጠራል። ግማሹ በድሮው፣ ግማሹ በአዲሱ ከተጫወተ ግን... ካላስ፣ አለቀልሽ! አስራ አንዱም አንድ ላይ ቢሳሳቱ ይሻላል።»

ወደድነው። የመኪና ቸርኬ ሰቀልን። አንዴ ከተመታ ሁሉም በሩን ስቦ ውስጥ ይቀራል። ሦስቴ ከተመታ ሁሉም ዱላውን ይዞ ይወጣል። የሰማ ሰው የራሱን በር አንኳኩቶ ይመልሳል።

መሀል ያለው ሱቅ የኔ ነው፤ የመንገዱን ሁለት ጫፍ የማየው እኔ ነኝ። ግን ጋሽ ወርቁ እያሉ እኔ ልጥራ? ፍራሽ ሻጩ ጋሽ ወርቁ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፤ በዚህ መስመር መጀመሪያ ሱቅ የከፈቱትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቸርኬው እሳቸው በር ላይ ተሰቀለ። እኔ አይቼ በጣቴ አሳያለሁ፣ እሳቸው ይመታሉ።

ጄምስ መጥቶ አየና ሳቀ።

«የሚያየው ማነው?»

«እኔ።»

«የሚጠራውስ?»

«ጋሽ ወርቁ።»

«ታማም፣ ጥሩ... በሁለታችሁ መሀል የሚሞተውስ?»

ትናንት ፓንጋ፣ ያንን ረጅም ቆንጨራ፣ የያዙ ሦስት ጎረምሶች ከመንገዱ አፍ ገቡ። አንድ ጣት አነሳሁ። ጋሽ ወርቁ አንዴ መቱ። በሮቹ ተንኳኩ፣ መዘጋት ጀመሩ... ልክ እንደተባለው።

ያኔ ሰናይት ጮኸች። ሌሎች ሁለት በጓሮ በር ገብተው ሱቋ ውስጥ ነበሩ። የፊቱን በር ከዘጋች ከነሱ ጋር ራሷን ቆለፈች ማለት ነው።

ሦስት ጣት አነሳሁ። ጋሽ ወርቁ አዩኝ... አልመቱም። የቸርኬውን መምቻ ብረት እንደያዙ ቆመው አዩኝ። እኔም ቆሜ አየኋቸው። በመሀላችን ስምንት እርምጃ ነው። ሮጦ ከሽማግሌ እጅ ብረት መንጠቅ... ነውር ሆነብኝ።

ሰናይት ሁለተኛ ስትጮህ ነው የሮጥኩት። ብረቱን ነጥቄ ሦስቴ መታሁ። ከቀሩት ሁለት ሱቆች አንዱ ወጣ፣ አንዱ ተዘግቶ ቀረ። ጄምስ እንዳለው፤ ግማሹ በድሮው፣ ግማሹ በአዲሱ።

አካፋዬን ይዤ ገባሁ። አንደኛው ሰናይትን በፀጉሯ ይዞ ከመስታወቱ ጋር እያጋጫት ነበር። የእጁን አንጓ መታሁት... መጀመሪያ የአጥንቱን፣ ቀጥሎ የእጀታዬን መሰበር ሰማሁ። እሷ ደግሞ የሽቶ ጠርሙስ የሁለተኛው ፊት ላይ ሰበረች። ስንወጣ ጋሽ ወርቁ፣ ሦስቱ ጎረምሶች መትተዋቸው፣ በደም ተሸፍነው መሬት ላይ ናቸው። ብረቱን ወስጄባቸው ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የገበያው ተሸካሚዎች ድንጋይ ይዘው ሲደርሱ አምስቱም ዘራፊዎች ሸሹ።

ክሊኒክ ግንባራቸው ሲሰፋ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ጣቴን አላዩም ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«አንዴ መትቼ ነበራ! ሰው ሁሉ በኔ ቃል በሩን እየዘጋ... ሽማግሌ የተናገረውን መልሶ ያጥፋል? ከበደኝ ልጄ።» ሐኪሙ ክሩን ሲስብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንተስ ለምን ቶሎ አልነጠቅከኝም?»

«ሽማግሌ ነዎት ብዬ።»

ሰናይት በር ላይ ቆማለች። ከጆሮዋ በላይ አንድ እፍኝ ፀጉር የለም።

«እናንተ ስትከባበሩ እኔን ልታስጨርሱኝ ነበር» አለችን።



ነገ፦ ሽቦ መግዛት። የሰናይትን የጓሮ በር ማጠናከር። ቸርኬውን ከጋሽ ወርቁ በር አውርዶ እኔ በር ላይ መስቀል።