በር ያጣችው ትርንጎ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተዘርግታ ጌም ስትጫወት፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሽንብራ እየለቀምሁ ነበር። ኳስ አይደለም የምትጫወተው፤ ሰው ፈጥረው፣ ቤት ሠርተው፣ አብልተውና አስተኝተው የሚያኖሩበት ዓይነት ነው። የፈጠረቻት ሴትዮ ለባብሳ በመኪና ወደ ሥራ ሄደች። ቴሌቪዥኑ ላይ ባዶ ቤት ብቻ ቀረ። ልጄ አዛጋችና፣ «እማ፣ እስክትመለስ ድረስ እኔ ምን ልሁን?» አለችኝ። ያንን ባዶ ቤት አውቀዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው መካነ ኢየሱስ ከተማ ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸውም ከቤታችን ጋር የተያያዘ ነው። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ፣ ለአሥራ አንደኛ የሚያበቃ ውጤት አምጥቼ፣ ደስታዬን ሳልጨርስ ሽማግሌ መጣ። የተጠየቅሁለት ልጅ ባሕር ዳር የሚሠራ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁት ነው። አባቴ እሺ አሉ። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ገበያ መውጣት፣ ቧንቧ መሄድ፣ በራፍ ላይ መቆም እንኳ ቀረ። «የታጨች ልጅ ፀሐይ አይንካት» ትላለች እናቴ።

መስኮቴ ወደ መናኸሪያው መንገድ ነበር። ጧት ጧት ረዳቶቹ «ታቦር! ታቦር! የሞላ!» እያሉ ሲጣሩ እሰማለሁ፤ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን ደወል። መስከረም ከነአደይ አበባው በመስኮት አለፈኝ። የባቄላ እሸትም ሰው አምጥቶልኝ በላሁ እንጂ እንደ ድሮው ማሳው መሀል ገብቼ አልቀጠፍሁም።

እጮኛዬ «እንዳይደብራት» ብሎ አንድ ካርቶን ላከ። ስከፍተው ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ጌምና አንድ ሲዲ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። የታሰረ ሰው በምን እንደሚጽናና ማሰቡ ራሱ ደግነት ነው።

ሲዲው ውስጥ ሴት ልጅ ፈጠርሁ። ትርንጎ አልኋት። ቤት ሠራሁላት፣ አልጋ አስገባሁላት፣ ሥራ አስያዝኋት። ጧት መኪናው በሯ ድረስ መጥቶ ጡሩምባ ይነፋል፤ ትርንጎ እየሮጠች ትወጣለች። ጌሙ ግን ተከትሏት አይሄድም። የት እንደምትሠራ፣ ከማን ጋር እንደምትስቅ አይታይም። እኔ ከአልጋዋና ከምድጃዋ ጋር ቤት ጠባቂ ሆኜ እቀራለሁ። እኔው በፈጠርኋት ልጅ ቀናሁ።

አባቴ ሱቅ ዘግተው ሲገቡ መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት።

«ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?»

«የማንም አይደለችም አባባ። እኔ ነኝ የፈጠርኋት።»

«በስመ አብ! ፈጣሪስ አንድ ነው» ብለው አማተቡ፤ ግን ተቀመጡ። ጥቂት ሰንብተው ገና ከደጅ ሲገቡ «ትርንጎ ገባች?» ማለት ጀመሩ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ጾመ ነቢያት ገባ። እኔም ትርንጎን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ከለከልኋት፤ እኛ ቤት ሳይጾም የሚውል ማን አለ! ልጅቱ ሆዷን ይዛ፣ እጇን እያወናጨፈች ታለቅሳለች። አባቴ አላስቻላቸውም።

«አብያት እንጂ! ያልተጠመቀችን ማን ጹሚ አላት?»

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት፣ አብረውኝ የተማሩት ልጆች ከትምህርት ተለቀው እየተሳሳቁ በመስኮቴ ስር አለፉ። ስሜን የጠራ አልነበረም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የትርንጎን በር ነቀልሁና በቦታው ግድግዳ ሠራሁበት። መኪናው መጣ፣ ጡሩምባውን ነፋ፣ ሄደ። ልጅቱ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለስ ጀመር። አባቴ የደረሱት በዚህ መሀል ነው።

«ምን ሆነች?»

«በሯን ደፈንሁባት።»

«ምን አጥፍታ?»

«ምንም። ታጭታለች አባባ። እስከ ጥር አትወጣም።»

በድፍረት አልነበረም ያልሁት። አባቴ ቆመው ቴሌቪዥኑን ብዙ አዩት። ከዚያ «አጥፊው» አሉና ወጡ።

በማግስቱ ካርቶኑን በገመድ አስረው በባሕር ዳር መኪና ወደ እጮኛዬ ቤተሰብ ላኩት። እናቴ ብትጮህ፣ «ዕቃው ልጅቱን ሊያሳብዳት ነው» ብቻ አሏት። በእኛ አገር የእጮኛ ስጦታ ተመለሰ ማለት ቃል ፈረሰ ማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላ የልጁ አባት ሽማግሌዎቹን አስከትለው ተቆጥተው መጡ። አባቴ «እኔ የመለስሁት መጫወቻ ነው፤ ቃሌን አላጠፍሁም» ቢሉ ቢሉ የሚሰማቸው አጡ። የልጁ አባት «እንዲህ ተዋርደን አንጋባም» ብለው ቃሉን በራሳቸው አፍ አፈረሱ። እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ።

ነገሩ የከነከነኝ ቆይቶ ነው። አባቴ ለስንቱ ሰርግ ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ ያንን ወግ እንዴት ይስቱታል? በተከታዩ መስከረም አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ።

አሁን አርጅተዋል። ባለፈው ዓመት እኔ ዘንድ ሲመጡ፣ «አባባ፣ ያኔ አውቀው ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምኑን? ዕቃው መብራት ፈጀብኝ» አሉኝ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም።

እሑድ ዕለት ይህን ሁሉ ለልጄ ስነግራት ከትከት ብላ ሳቀች። ቀጥላም «ሌሎቹ የታጩት ልጆችስ እንዲህ ያለ አባት አልነበራቸውም?» አለችኝ። ነበራቸው። የጎረቤታችን ልጅ የሺ ከእኔ ጋር ተፈትና፣ እንደ እኔ አልፋ፣ እንደ እኔ ታጭታ ነበር። አባቷ ሲወዷት ከእኔ አባት አያንሱም። ግን በዚያው ጥር ተዳረች። ለእሷ የተላከላት ቀሚስ ነበር፤ ደስ ብሏት በመጣ ዕለት ለበሰችው። የተለበሰ ደግሞ አይመለስም።